ፍሬኑ የተለወጠ አሮጌ መኪና ስለ መግዛት፦ በአዋሽና በሰመራ መካከል የተገኘ ትምህርት

(ለዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብና ለከተማው ነዋሪዎች የቀረበ የሕዝብ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ)



ስለ ራሴ ስሕተት ለመናገር በገዛ ፈቃዴ ወደዚህ መድረክ ስወጣ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ለብዙ ዓመታት የመካኒካል ምሕንድስና ሳስተምር ኖሬአለሁ። የፈሳሽ ግፊት፣ የሰበቃ ኃይልና የሙቀት ዝውውር የየቀኑ እንጀራዬ ናቸው። ይህ ሁሉ እያለ አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ አንዲት ቮልስዋገን ስገዛ፣ ማንኛውም የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሊጠይቀው የሚገባውን ጥያቄ ሳልጠይቅ ገንዘቤን ቆጥሬ ሰጠሁ። የዚህን ዋጋ ከገዋኔ አለፍ ብሎ በሚገኝ መንገድ ላይ አንድ እረኛ ልጅ ሊከፍልልኝ ምንም አልቀረውም ነበር።

አስቀድሜ አሮጌ መኪና በአገራችን ለምን እንዲህ እንደሚፈለግ ጥቂት ልበል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገሉ መኪናዎች ወደ አገር ሲገቡ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለባቸው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ተከለከለ። የሁለቱ እርምጃዎች ዓላማ ለየብቻው ሊመረመር ይገባል፤ ውጤታቸው ግን ቀድሞ የገባው መኪና ሁሉ እንደ ርስት መቆጠሩ ነው። ፔጆ 404፣ ፊያት 600፣ ላንድሮቨር፣ ላዳ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋሉ። ቮልስማ ከሁሉም የተለየ ቦታ አላት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስዋገን መሆኑን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። እኔም ለአቅመ ወጣትነት ስደርስ የተመኘኋት መኪና እርሷ ነበረች፤ ለምኞቴ የበቃሁት ግን ጠጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። ምኞት ያረጀ እንደ ሆነ ዓይን ይጋርዳል።

ስለ ስያሜውም አንድ ነገር ጣል ላድርግ። «ፍሬን» የምንለው ቃል ከጣልያንኛው «ፍሬኖ» የመጣ ነው፤ የጣልያንኛው ሥር ደግሞ ላቲን ሲሆን ትርጉሙ ልጓም ማለት ነው። ፖምፓ፣ ጎሚኒ፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ የሚባሉት የጋራዥ ቃላት ሁሉ ከዚያው ከጣልያን መኪናዎችና መንገዶች ጋር የቀሩልን ናቸው። ፍሬን ሲጠፋ «ፍሬን ተበጠሰ» እንላለን። ይህ አነጋገር ፍሬን በገመድ ይሳብ ከነበረበት ዘመን የቀረ ይመስለኛል። ነገር ግን በዘይት ግፊት የሚሠራ ፍሬን ብዙ ጊዜ ምንም ሳይበጠስ ይጠፋል፤ የዛሬው ንግግሬም በአመዛኙ ስለዚህ ነው።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1965 የተሠራች ባለ 1200 ሞተር ነበረች። በፋብሪካዋ ሥሪት አራቱም ጎማዎች የታምቡር ፍሬን አላቸው፤ የእግርን ጉልበት የሚያግዝ ሴርቮ የለም፤ አራቱንም ጎማ የሚመግበው አንድ የዘይት መስመር ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ቱቦ ቢፈነዳ አራቱም ፍሬኖች አብረው ይጠፋሉ። ፋብሪካው ራሱ ይህን አሻሽሏል፤ እ.ኤ.አ. ከ1966 አጋማሽ በኋላ ለአውሮፓ ገበያ ባወጣት ባለ 1500 ሞተር ቮልስ የፊት ጎማዎች ዲስክ ፍሬን ተገጥሞላቸዋል። እንግዲህ ታምቡርን በዲስክ መለወጥ ነውር አይደለም። ሻጩም በኩራት ያሳየኝ ይህንኑ ነበር፤ ከሌላ ትንሽ መኪና ተፈትቶ የተገጠመ ዲስክና ካሊፐር፣ በመካከሉ በቶርኖ ቤት የተሠራ ማገናኛ። «ፔዳሉን ይርገጡት እስቲ፣ እንደ ድንጋይ ነው» አለኝ። ረገጥሁት። በእውነትም እንደ ድንጋይ ነበር። ደስ አለኝ።

የመጀመሪያው ስሕተቴ ይህ ደስታ ነው። ምክንያቱን በቁጥር ላስረዳ።

የእግራችን ኃይል ወደ ግፊት የሚለወጠው በዋናው ፖምፓ ውስጥ ነው። ግፊት ማለት ኃይል በስፋት ሲካፈል ነው። የፖምፓው ፒስተን ስፋቱ ባነሰ መጠን በዚያው እግር የሚገኘው ግፊት ይበልጣል፤ ፔዳሉ ግን ብዙ ይጓዛል። ስፋቱ በጨመረ መጠን ፔዳሉ አጭርና ጠንካራ ይሆናል፤ ግፊቱ ግን ያንሳል። የመኪናዬ መካኒክ 19 ሚሊ ሜትር ገደማ የነበረውን ፖምፓ አውጥቶ ከአንድ ከበድ ያለ መኪና የተወሰደ 22 ሚሊ ሜትር ፖምፓ አግብቶ ነበር። የሁለቱን ዲያሜትሮች ካሬ ብናወዳድር 361 ለ484 ይሆናል። በአንድ ዓይነት እግር የሚገኘው ግፊት በሩብ ያህል ቀነሰ ማለት ነው። እኔ እንደ ድንጋይ ያልሁት ጥንካሬ የፍሬኑ ድክመት ነበር። መካኒኩ ይህን ያደረገው ያለ ምክንያት እንዳልሆነም መናገር ይገባኛል። የካሊፐር ፒስተን ከታምቡሩ ፒስተን እጅግ ስለሚሰፋ ብዙ ዘይት ይፈልጋል፤ በትንሹ ፖምፓ ፔዳሉ ወደ ወለሉ ይጠጋበት ነበርና መፍትሔ ፈለገ። ያገኘው መፍትሔ ግን ሌላ ነገር በሆዱ ይዞ መጣ።

ያም ሌላ ነገር አንዲት ትንሽ ቫልቭ ናት። የታምቡር ፍሬን ፖምፓ ብዙውን ጊዜ በመውጫው ላይ ግፊት የምታስቀር ቫልቭ አለችው። ፔዳሉ ሲለቀቅ ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ወደ ማጠራቀሚያው እንዳይመለስ ታግዳለች፤ በመስመሩ ውስጥ 0.7 ባር ገደማ የሚሆን ግፊት ይቀራል። ለታምቡር ይህ ጥቅም አለው፤ የጎማው ፖምፓ ጎሚኒዎች ከግድግዳው ጋር ተጣብቀው እንዲቆዩና አየር እንዳይሰርግ ያደርጋል። ሸራውንም አያጣብቅም፤ ጠንካራ የመመለሻ ሞላዎች ሸራውን ከታምቡሩ ይስባሉና። ካሊፐር ግን የመመለሻ ሞላ የለውም። የፒስተኑ ጎማ ማኅተም በጥቂቱ ከመመለሱ በቀር ሸራውን ከዲስኩ የሚያርቅ ነገር የለም። ስለዚህ ያች 0.7 ባር በዲስክ ላይ ስትውል ፍሬኑ ሳይረገጥ ይያዛል።

ምን ያህል ይያዛል? የካሊፐሩ ፒስተን 48 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ 0.7 ባር በላዩ ላይ 127 ኒውተን ያህል ይጫናል፤ በእጅ 13 ኪሎ ግራም እንደ መግፋት ነው። ንቀን የምናልፈው ቁጥር ነው። ሸራው በዲስኩ ሁለት ፊት አለ፤ የሰበቃውን መጠን 0.4 ብንወስድ 100 ኒውተን ገደማ የሚይዝ ኃይል ይሆናል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስንነዳ ሸራው ያለበት የዲስኩ ክፍል በሰከንድ 7 ሜትር ያህል ይሽከረከራል። ሁለቱን ስናባዛ በእያንዳንዱ የፊት ጎማ 700 ዋት እናገኛለን። አንድ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ለኩሶ በየጎማው ሥር አስቀምጦ እንደ መንዳት ነው። ከአዋሽ እስከ ገዋኔ ይህ ምድጃ ሳይጠፋ ነደደ።

ከእኔ ጋር የመመረቂያ ጽሑፉን የማማክረው ተማሪ ነበረ። ከአዋሽ አርባ ካለፍን በኋላ መኪናዋ ከ70 በላይ መሄድ እምቢ አለች። ሞተሩ ያረጀ ነው አልሁ። ጥቂት ቆይቶ ተማሪው «ዶክተር፣ የተቃጠለ ነገር አይሸትዎትም?» አለኝ። «አዲስ ሸራ ነው፤ እስኪለማመድ ድረስ ይሸታል» ብዬ መለስሁለት። መምህር ስለሆንሁ መልሴን ተቀበለ። ይህን ባሰብሁ ቁጥር አፍራለሁ።

በገዋኔ ሻይ ለመጠጣት ቆምን። ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ተቀመጥን፤ የአየሉ ተራራ በሙቀቱ ጭጋግ ውስጥ ይታይ ነበር። እዚህ ላይ ከሙቀት ዝውውር ትምህርት አንዲት ነጥብ አስታውሱ። መኪና ሲሄድ ነፋሱ ዲስኩን ያቀዘቅዘዋል። ሲቆም ግን በዲስኩና በሸራው ውስጥ የተከማቸው ሙቀት የሚሄድበት አጥቶ ወደ ካሊፐሩና ወደ ዘይቱ ይዘልቃል። ዘይቱ ከፍተኛ ሙቀት የሚደርስበት ጊዜ ከቆምን በኋላ ነው። እኛ ሻይ ስንጠጣ ዘይቱ ፈላ።

የፍሬን ዘይት ውኃ ይስባል፤ ተፈጥሮው ነው። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። 3.7 በመቶ ያህል ውኃ ሲስብ ግን ይህ ወሰን ወደ 140 ዲግሪ ይወርዳል። ለዶት 4 ቁጥሮቹ 230ና 155 ናቸው። በእኔ መኪና ውስጥ የነበረው ክዳኑ ተከፍቶ ከቆየ ቆርቆሮ የተቀዳ አሮጌ ዘይት መሆኑን በኋላ ተረዳሁ። ዘይት ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል። ዘይት አይታመቅም፣ እንፋሎት ግን ይታመቃል። ፔዳሉን ስትረግጡት እግራችሁ እንፋሎቱን ይጨምቃል እንጂ ፒስተኑን አይገፋም።

ከገዋኔ ወጥተን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች እንደ ሄድን ፍየሎች መንገዱን ማቋረጥ ጀመሩ። እረኛው አሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ ነበር፤ ከአስፋልቱ ጠርዝ ሁለት እርምጃ ላይ በትሩን በትከሻው አጋድሞ ቆሟል። ፔዳሉን ረገጥሁ። ያ ድንጋይ የነበረው ፔዳል ያለ አንዳች ተቃውሞ ወለሉ ላይ ተኛ። ሁለተኛ ረገጥሁ፤ እንደዚያው። ማርሹን ወደ ሁለተኛ አወረድሁ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብሁ፣ መሪውን ከልጁ በተቃራኒ ወዳለው ጠጠር አዞርሁ። የቮልስ የእጅ ፍሬን በገመድ የኋላ ታምቡሮችን የሚይዝ ስለ ሆነ ዘይት አይፈልግም። ከ1965 ጀምሮ ማንም ያልለወጠው ያ ገመድ አዳነን። አንዲት ፍየል ሞተች። ልጁ አልተነካም።

ከልጁ ዘመዶች ጋር በአንድ ግራር ጥላ ሥር ተቀመጥን፤ ሽማግሌዎቹ እንደ አፋር ሥርዓት ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጠየቁኝ፤ የፍየሏንም ካሣ ከፈልሁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ መኪናዋን ዞረው ካዩ በኋላ የጠየቁኝ ጥያቄ ፍሬኑ ከመቼ ጀምሮ እንዳመመው ነበር። ከተማሪዬ ቀጥሎ ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቁ ሁለተኛው ሰው እርሳቸው ናቸው። እኔ ሰመራ ከመድረሴ በፊት ወሬው በዳጉ ደርሶ ጠበቀኝ፤ በማግስቱ በግቢው በር ላይ የጥበቃ ሠራተኛው «ፍየሏን የገጩት እርስዎ ነዎት?» ብሎ ተቀበለኝ።

የሚያስደነግጠው ቀጥሎ የሆነው ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ፔዳሉን ብረግጠው ተመልሶ እንደ ድንጋይ ሆኗል። እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ዘይት ሆነ፣ ከማጠራቀሚያውም ጎደሎው ተሞላ። በዚያች ሰዓት መካኒክ ቢጠራ ኖሮ «ምንም የለውም» ብሎ ይመልሰኝ ነበር። በየመንገዱ «ፍሬን እንቢ አለኝ» ብለው አሽከርካሪዎች የሚናገሩትን፣ መኪናው ሲመረመርም ደኅና ሆኖ የሚገኘውን ነገር ሰምታችሁ ይሆናል። ሰውየው ይዋሻል ከማለታችን በፊት ዘይቱ ስንት ዓመቱ እንደ ሆነ ብንጠይቅ መልካም ነው። መኪናዋን አልነዳኋትም፤ በአንድ አይሱዙ ጭኜ ሰመራ አመጣኋት።

ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ ጥፋት ስላለ ልለየው። ፔዳሉ በተለቀቀ ጊዜ ከፔዳሉ የሚመጣው ገፊ ዘንግ ከፖምፓው ፒስተን ጋር መነካካት የለበትም። በቮልስ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ያስፈልጋል። ክፍተቱ ከጠፋ ፒስተኑ ወደ ማረፊያው አይደርስም፣ ዘይት የሚመለስባትም ቀዳዳ እንደ ተደፈነች ትቀራለች። ዘይቱ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲሰፋ ሸራውን ይገፋል፣ ሸራው ሲያዝ ዘይቱ የበለጠ ይሞቃል። በዚህ ጊዜ ፔዳሉ አይወርድም፤ ይልቁንም እየከረረ ሄዶ መኪናው በራሱ ይቆማል። ሁለቱን ለመለየት ጎማው ተይዞ ሳለ የፖምፓውን ማሰሪያ ብሎኖች ጥቂት ማላላት ነው። ጎማው ከተለቀቀ ጥፋቱ የገፊው ዘንግ ነው። ካልተለቀቀ የካሊፐሩን የአየር ማስወጫ ብሎን ክፈቱ፤ ያን ጊዜ ከተለቀቀ በመስመሩ ውስጥ የታሰረ ግፊት አለ፣ ቫልቯን ወይም ከውስጥ የተደፈነ የጎማ ቱቦ ፈልጉ። ለዚህም ካልተለቀቀ ካሊፐሩ ራሱ ዝጓል።

ስለ ሚዛን ደግሞ። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ነው። 900 ኪሎ ግራም ብትመዝን ከፊት ጎማዎች ላይ የሚያርፈው 360 ያህሉ ብቻ ነው። በኃይል ፍሬን ሲያዝ፣ ይኸውም በመሬት ስበት 0.7 ያህል ፍጥነቷ ሲቀንስ፣ የክብደት መሐሏ ከመሬት 55 ሴንቲ ሜትር፣ በጎማዎቿ መካከል ያለው ርቀት 2.4 ሜትር ነው ብለን ብናሰላ፣ 144 ኪሎ ግራም ወደ ፊት ይዛወራል። ፊቱ 504፣ ኋላው 396 ይሆናል። ሞተሩ ከፊት በሆነ መኪና ግን ኋላው በዚህ ጊዜ እጅግ ይቀልላል። እንግዲህ ከፊት ሞተር መኪና የተወሰደ ትልቅ ካሊፐር በቮልስ ፊት ላይ ስንገጥም፣ በአቧራማና በጠጠር መንገድ የፊት ጎማዎች ቀድመው ይቆለፋሉ። የተቆለፈ ጎማ ደግሞ መሪ አይሰማም። ተቃራኒው፣ ኋላው ቀድሞ ሲቆለፍ፣ ይብሳል፤ መኪናዋ ትዞራለች።

ከአዋሽ እስከ ሰመራ ያለው መንገድ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አብዛኛው ሜዳ ነው። ሜዳ ስለ ሆነ ፍሬን አይፈተንም ማለት እንዳልሆነ አይተናል። ቁልቁለት ለሚሄዱ ግን አንድ ቁጥር ልተው። ከባቲ ወደ ሚሌ ስንወርድ 1000 ሜትር ያህል ዝቅ እንላለን። 900 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና በዚህ መውረድ የምትለቀው ኃይል 8.8 ሚሊዮን ጁል ነው፤ ከ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አርባ ጊዜ ያህል እንደ መቆም ማለት ነው። 26 ሊትር ውኃ፣ ከአንድ ጀሪካን የሚበልጥ፣ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ ያፈላል። ከዚህ የሚበዛውን ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ ካልተሸከመው የሚሸከመው ሸራው ነው።

የምትገዙ ሰዎች ምን ታደርጋላችሁ? ሊብሬው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ይነግራችኋል እንጂ ስለ ፍሬኑ አይናገርም። ቦሎ መለጠፉም በዚያች ቀን መመርመሩን ይነግራል። እኔ ዛሬ ብገዛ ፔዳሉን ከመርገጤ በፊት ምን ምን እንደ ተለወጠ፣ እያንዳንዱ ዕቃ ከየትኛው መኪና እንደ መጣ እጠይቃለሁ። ሻጩ የዲስኩን አገር ነግሮኝ የፖምፓውን ካላወቀ ገንዘቤን አላወጣም። ማገናኛው ላይ ብየዳ ካለ፣ በተለይ ቀድሞ ቀልጦ በተሠራ ብረት ላይ፣ ድርድሩ ያበቃል። መሪውን እስከ ጥግ በሁለቱም በኩል አዙሬ የጎማ ቱቦው መወጠሩን ወይም ቸርኬውን መንካቱን አያለሁ። ቸርኬውና ጎማው ከቀድሞው ከሰፉ ፍሬኑ በዚያው መጠን መድከሙን እቆጥራለሁ። የማጠራቀሚያውን ክዳን ከፍቼ ሌላ ሰው ፔዳሉን በቀስታ ረግጦ እንዲለቅቅ አደርጋለሁ፤ ዘይቱ መንቀሳቀሱ ከታየ የመመለሻዋ ቀዳዳ ክፍት ናት። ከዚያ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ፍሬን ሳልይዝ ነድቼ እቆምና የእጄን ጀርባ ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጋለሁ። ሳይረገጥ የሞቀ ፍሬን ተይዟል። ከዚያም እንደገና ሃያ አምስት ደቂቃ እጠብቃለሁ፤ ሻይ መጠጣት ይቻላል። ከዚያ ነው ፔዳሉን የምረግጠው። ከተቻለም ሰው በሌለበት ሜዳ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በኃይል እይዝና ወዳጄ ከውጭ ቆሞ የትኞቹ ጎማዎች ቀድመው እንደ ተቆለፉ ይነግረኛል።

መኪናዋን አልሸጥኋትም፤ ሳላስጠነቅቅ ልሸጣት አልችልም፣ ካስጠነቀቅሁም የሚገዛኝ የለም። ዲስኮቹን አልነቀልኋቸውም። ለዲስክ የተሠራ፣ መስመሩ ለሁለት የተከፈለ ፖምፓ አስገባሁላት፣ ዘይቱንም በየዓመቱ እቀይራለሁ። ያን 22 ሚሊ ሜትር ፖምፓ ግን ቆርጬዋለሁ፤ ቫልቯ በመውጫው ላይ ተቀምጣ ትታያለች፣ መጠኗ ከአውራ ጣቴ ጥፍር አትበልጥም። እነሆ ከፊት ረድፍ ጀምሮ ተቀባበሉት። መኪናዋ ከአዳራሹ በስተ ጀርባ በጥላው በኩል ቆማለች፤ ጃክና የጎማ መፍቻ ይዤአለሁ። የፊት ግራ ጎማዋን ለማንሣት ሁለት ጉልበታም ተማሪዎች ያስፈልጉኛል። ጥያቄዎቻችሁን እዚያው እቀበላለሁ።